ሽታ የሚከብደው ልጅ

በአርሲዋ ሁሩታ ቡና ሲቆላ ምጣዱ ጭሱን እንደያዘ በእንግዶቹ መሐል ይዞራል፤ እያንዳንዱም ጭሱን በእጁ ወደ አፍንጫው እየሳበ ያመሰግናል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን በዚያው ሰዓት አፍንጫውን ይዞ ወደ በር ሊሮጥ፣ ሊያለቅስ ወይም ሊያስመልሰው ይችላል። ጎረቤት «ያልተቀጣ ልጅ» ይላል። ነፍሰ ጡር ሴት የወጥ ሽታ ሲያስጠላት ግን ማንም አይቆጣትም፤ ድስቱን ያርቁላታል። ለልጁም የሚገባው ይኸው ነው።

ሽታ የሚባለው በአየር የሚንሳፈፍ ሞለኪውል ነው። በአፍንጫችን የላይኛው ክፍል 400 ገደማ ዓይነት የሽታ ተቀባዮች አሉ፤ አሠራራቸውን የገለጡት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የምናየውና የምንሰማው ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍል ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባል ጣቢያ ያልፋል። ሽታ ግን ያን ጣቢያ ሳይጠብቅ ፍርሃትና ስሜት ወደሚቀሰቀሱበት ክፍል ይደርሳል። ስለዚህ ልጁ «ምን ሸተተኝ?» ብሎ ሳያስብ ሰውነቱ ቀድሞ ይደነግጣል።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አፍንጫ ከሌላው ሁልጊዜ የሰላ ሆኖ አልተገኘም፤ የጥናቶቹ ውጤት የተለያየ ነው። ልዩነቱ ይበልጥ አንጎል ሽታውን በሚያስተናግድበት መንገድ ላይ ይመስላል። የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 18 ኦቲዝም ያለባቸውና 18 የሌለባቸው ልጆች ጥሩና መጥፎ ሽታ እንዲያሸቱ ተደረገ። የሌለባቸው ልጆች ሽታው ሲከፋ ትንፋሻቸውን ወዲያው ቀነሱ። ኦቲዝም ያለባቸው ግን የጽጌረዳውንም የበሰበሰውን ዓሣም ሽታ በእኩል ትንፋሽ ሳቡ።

በአገራችን የኦቲዝምን ጉዳይ ከጓዳ ወደ አደባባይ ካወጡት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ቀዳሚ ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። አርሲ ደጋ ላይ ያለች እናት ግን በየቀኑ አዲስ አበባ መመላለስ አትችልም። የሚበዛው ሥራ የሚሠራው እቤቷ ነው።

መጀመሪያ ደብተር ትያዝ። ልጁ የተረበሸበትን ሰዓት፣ ምድጃው ላይ የነበረውን፣ ማን ቤት እንደገባ ትጻፍ። በርበሬ ሲታመስ ነው? ቅቤ ሲነጠር? የአክስቱ ሽቶ ነው? ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ ቡናው ደጅ ይቆላ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ልጁም አስቀድሞ ይነገረውና ከሌላ ሰው ጋር ወደ ጓሮ ይውጣ። ትኩስ ምግብ ብዙ ሽታ ስለሚያወጣ ቀዝቀዝ አድርጎ ማቅረብም ይረዳል። ጉርሻን በተመለከተ ደፍሬ እናገራለሁ፦ ሽንኩርት የነካ እጅ ወደ አፉ ሲመጣ ልጁ ፍቅራችንን አያይም፤ ሽታው ይቀድመዋል። እምቢ ሲል እጃችንን እንመልስ። የሚወደው ሽታ ካለ፣ የሎሚ ልጣጭም ይሁን የእናቱ ነጠላ፣ ገበያ ሲሄድ ይያዝ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የጭሱ ነገር ነው። ልጅ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ሲጮህ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ፌጦ ወደ አፍንጫው ማስጠጋት፣ ቤቱን በሥራ ሥር ማጠን የቆየ ልማዳችን ነው። የሚደረገው ከጭንቀትና ከርኅራኄ ቢሆንም ሽታ ላስደነገጠው ልጅ ሌላ ሽታ መጨመር ነው። ንጹሕ አየር፣ ዝምታና ጊዜ ይበልጣሉ። ልጁ የሚበላው እየጠፋ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ወይም ከዚህ በፊት የማያስቸግረው ሽታ በድንገት ካስቸገረው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ሕመም ሊኖር ይችላል።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ሽታ አይሰማውም ወይም አጥብቆ ይፈልገዋል፤ ያገኘውን ሁሉ እያሸተተ ይቀምሳል። እንዲህ ያለ ልጅ ባለበት ቤት ላምባና በረኪና ከፍ ብለው፣ ተቆልፎባቸው ይቀመጡ።