ደረት ሳይከፈት ስለሚወጣው የምግብ ቧንቧ እባጭ

እህል አልወርድ ያለው የአማኑኤል ገበሬ ሕመሙን ከብርድ ወይም ከጉሮሮ ቁስል ቈጥሮ ወራት ቢያሳልፍ የሚያስገርም አይደለም። መጀመሪያ እንጀራው፥ ኋላም ፍትፍቱ፥ በመጨረሻም አጥሚቱ ሲያስቸግረው ግን ነገሩ ምግብ በሚወርድበት ቧንቧ ውስጥ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

በዚህ ቧንቧ ላይ የሚበቅለው እባጭ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። ነቀርሳ ካልሆኑት የሚበዛው ሐኪሞች ሊዮማዮማ የሚሉት ሲሆን፥ ከቧንቧው ጡንቻ ተነሥቶ በቀስታ ያድጋል፤ ወደ ነቀርሳም የሚለወጠው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ታናሽ ሲሆን ሕመም ስለማያሰማ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይኖራል፤ እንዲህ ያለውንም እየተመለከቱ መተው ይበቃል። አድጎ መተላለፊያውን ሲያጠብ ግን መውጣት አለበት።

ቀድሞ ይህን ለማውጣት በጎድን አጥንት መካከል ገብቶ ደረትን መክፈት ግድ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. አዶልፍ ኩስማውል የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ቀጥ ያለ ቧንቧ በሰው ጉሮሮ አሳልፎ የሆድን ውስጥ ለማየት ቢሞክር፥ ያን የቻለለት ሰይፍ መዋጥ የለመደ ትርኢተኛ ነበረ። ለተራ ሕመምተኛ የሚመቸው፥ ብርሃንን በመስታወት ክር የሚያስተላልፈው ተጣጣፊ መሣሪያ የተገኘው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሻንግሃይ ሐኪሞች በዚሁ መሣሪያ እባጩን በአፍ የሚያወጡበትን አዲስ ዘዴ ጽፈው ለዓለም አስታወቁ።

ሕመምተኛው በማደንዘዣ ይተኛል። ሐኪሙ ኢንዶስኮፑን በአፍ አግብቶ፥ ከእባጩ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ይሰነጥቃል፤ በሽፋኑና በጡንቻው መካከል እንደ ፍልፈል መንገድ ከፍቶ እባጩ ዘንድ ይደርሳል፤ ከጡንቻው ነጥሎም በመጣበት መንገድ ያወጣዋል። ስንጥቁንም በታናናሽ የብረት መቈንጠጫ ይዘጋዋል። የጥበቡ ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ ስንጥቁና እባጩ የነበረበት ስፍራ የተራራቁ ስለ ሆኑ፥ ጡንቻው ቢበሳ እንኳ ሽፋኑ እንደ መጋረጃ ይጋርደዋል፥ ምግብና ምራቅም ወደ ደረት እንዳይፈስ ይከለክላል። ይሁን እንጂ አደጋ የለበትም ማለት አይደለም፤ ደም ሊፈስ፥ አየርም ወደ ደረት ሊያመልጥ ይችላል፤ እባጩ እጅግ ከተለቀ ደግሞ በጠባቡ መንገድ ማለፍ ስለማይችል ወደ ቀድሞው ቀዶ ጥገና መመለስ ይሆናል።

የአማኑኤል ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል፤ ከዚያ የሚበልጥ ምርመራ ካስፈለገው ዐባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መድረስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህም ስንቅና አስታማሚ ይጠይቃል። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ሹም የመላኪያውን ደብዳቤ ለመጻፍ፥ ካህኑም ጠበል የሚጠመቀውን ሕመምተኛ ሐኪምም እንዲያየው ለመምከር አንድ ሳምንት እንኳ ሊያዘገዩ አይገባም፤ እባጩ ነቀርሳ ይሁን አይሁን በውጭ ሆኖ ሊለይ የሚችል የለምና።