የዓባይ ድልድይ ትናንትና ዛሬ

ከቡራዩ ተነሥቶ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን ሲያልፍ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገራል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ነጋዴ በበጋ በመልካው ይሻገር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ይዘጋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው የኮንክሪት ድልድይ ይህን ችግር አቃለለ።

ታዲያ ድልድይም እኮ ያረጃል! የከባድ መኪና ብዛትና ክብደት ስለጎዳው፣ በጃፓን ርዳታ 303 ሜትር የሚረዝም፣ ከላይ በብረት ገመድ የተወጠረ የሕዳሴ ድልድይ አጠገቡ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ።

ዕጩ መምህራን፣ ነገ ጎጃም ስትመደቡ ሁለቱንም ታያላችሁ። ለተማሪዎቻችሁ ስለ አዲሱ ስትነግሩ አሮጌውን አትርሱት፤ ስድሳ ዓመት ያህል የሸዋንና የጎጃምን ሰውና እህል ተሸክሟል።