ተጨማሪ መረጃ፦ ሲግናልና ጥላ ስታክ

አጥቂ ስታክ ላይ የተጻፈን የመመለሻ አድራሻ ከቀየረ ፕሮግራሙን ወዳሻው ይነዳዋል። ኢንቴል ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንዳንድ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ያስገባው ጥላ ስታክ ይህን ለመከላከል ነው፤ የአድራሻው ሁለተኛ ቅጂ ተራ የመጻፍ ትእዛዝ በማይነካው ገጽ ላይ ይቀመጣል። ፈንክሽኑ ሲመለስ ሁለቱ ካልገጠሙ ፕሮሰሰሩ ስህተት ያስነሳል።

ሲግናል፣ ማለትም የፕሮግራሙን ሥራ አቋርጦ አንድ ክስተት የሚያሳውቀው መልእክት፣ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ሲግናል ሲደርስ ከርነሉ የሬጅስተሮቹን ይዘት በተጠቃሚው ስታክ ላይ አስቀምጦ ኋላ ያንኑ አንብቦ ይመልሳል፤ ማን እንደጻፈው ግን አይጠይቅም! በ2014 ተመራማሪዎች ሐሰተኛ ይዘት በማስነበብ ብቻ ፕሮግራምን መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ።

በ2023 የወጣው ሊኑክስ 6.6 ከርነሉ ሲግናሉን ከማድረሱ በፊት የጥላ ስታኩን የቀድሞ ጠቋሚ፣ 63ኛውን ቢት 1 አድርጎ፣ እዚያው ጥላ ስታክ ላይ እንዲያኖር አደረገ። በተጠቃሚ አድራሻ ላይ ይህ ቢት ሁልጊዜ 0 ስለሆነ ምልክቱ ከመመለሻ አድራሻ ጋር አይምታታም። ፕሮግራሙ ከሲግናሉ ሲመለስ ምልክቱ ከጠፋ ፕሮግራሙ ይገደላል። የሚገርመው፣ ፕሮግራሙ ለሲግናል ሌላ ስታክ ቢያዘጋጅም ጥላው አብሮ አይቀየርም፤ አድራሻ ብቻ ስለሚይዝ ቶሎ አይሞላምና።