ኢንዶሜትሪዮሲስ፦ ቀዶ ሕክምናው በማን እጅ?

እንግሊዝ አገር 39 ሴቶች ለየት ያለ ጥናት ውስጥ ለመግባት ተስማሙ። ሁሉም ኢንዶሜትሪዮሲስ አለባቸው፤ ሁሉም ሙሉ ማደንዘዣ ወስደው ሆዳቸው በካሜራ ይታያል። በዕጣ ተለይተው የግማሾቹ በሽታ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል፣ የቀሩት ግን ታይተው ብቻ ይሰፋሉ። የትኛው እንደደረሳት የምታውቅ ታካሚ አልነበረችም። ከ6 ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ በሽታው ከወጣላቸው 80 በመቶዎቹ ተሽሎናል አሉ። ምንም ካልተነካላቸውም 32 በመቶዎቹ እንዲሁ ተሽሎናል ብለዋል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር በደንብ የተሠራ ቀዶ ሕክምና እንደሚረዳ ያሳያል። ሁለተኛው ደግሞ ለሐኪም መራጭ ማስጠንቀቂያ ነው። ሳይነኩም ከሦስት አንዷ ከተሻላት፣ "እሱ ጋ ሄጄ ዳንኩ" የሚለው የጎረቤት ምስክርነት ብቻውን ብዙ አያስረዳም ማለት ነው። ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል።

በሽታው የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ነው። ኦቫሪ ላይ፣ ከማህፀን ጀርባ፣ ትልቁ አንጀትና ፊኛ ላይ፣ አልፎ አልፎም ድያፍራም ላይ ይገኛል። በሆርሞን እየተነሣሣ አካባቢውን ያስቆጣል፣ ጠባሳ ያበጃል፣ ተለያይተው መንቀሳቀስ የሚገባቸውን አካላት እርስ በርስ ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ እንዳለባቸው ይገምታል። ያም ሆኖ ስሙን ለመስማት ዓመታት ይፈጃል። ሕንድ ተወላጇ አሜሪካዊት የቴሌቪዥን አቅራቢ ፓድማ ላክሽሚ ከ13 ዓመቷ ጀምሮ ስትሠቃይ ኖራ በሽታዋ የታወቀላት በ36 ዓመቷ ነው። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ከቀዶ ሐኪሟ ከዶክተር ታመር ሴችኪን ጋር ሆና የአሜሪካ ኢንዶሜትሪዮሲስ ፋውንዴሽንን አቋቁማለች። እኛ ዘንድ በወር አበባ ሕመም የምትታጠፍ ልጅ የሚነገራት "አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይተውሻል" ነው። በሽታው ራሱ መውለድን ከሚያስቸግሩት አንዱ መሆኑን ስናስብ ምክሩ መራራ ቀልድ ይመስላል።

ቢላ የመጀመሪያው መድኃኒት አይደለም። ማስታገሻ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ወይም ሆርሞን ያለው ሉፕ ሕመሙን ለብዙዎች ይቆጣጠራል። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያም በሽታውን ለማወቅ ተብሎ ሆድ መክፈት የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም ብሏል፤ ጥሩ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ብዙውን ያሳያሉ፣ ምንም ባያሳዩም በሽታው የለም ማለት አይደለም። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው መድኃኒቱ ሳይዝ ሲቀር ወይም ሳይስማማ ሲቀር፣ እርግዝና ሲፈለግ፣ ትልቅ ሲስት ሲኖር፣ አንጀት ወይም ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ሲታነቅ ነው። የመጨረሻው ለይቶ ያስፈራል። ቱቦው ቀስ በቀስ ሲጠብ ሳያሳምም ኩላሊትን ሊገድል ይችላል።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ይህን ይመስላል። ታካሚዋ እንደተኛች እምብርቷ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይቀደድና ሆዷ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። (በማግስቱ "ትከሻዬን አመመኝ" ብትል አያስገርምም፤ የተረፈው ጋዝ ድያፍራምን ሲነካ ስሜቱ ትከሻ ላይ ይወጣል።) በዚያው ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች መቀስና መያዣ ይገባሉ። ላፓራስኮፒ የሚባለው ይህ ነው። ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ኩርት ሴም በኪል ከተማ ይህን መንገድ ሲያስፋፋ ባልደረቦቹ አንጎሉ እንዲመረመር ጠይቀውት እንደነበር ይነገራል።

ካሜራው ከገባ በኋላ ሥራው የዐይን ነው። በሽታው ባሩድ እንደነካው ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ብቻ አይታይም፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አንዳንዴም ውሃ የመሰለ ጠብታ ይሆናል። የኦሪገን ግዛቷ የቤንድ ከተማ ሐኪም ዴቪድ ሬድዋይን ለዓመታት ሲያሳይ የኖረው ይህንኑ ነው። ጥቁሩን ብቻ የሚፈልግ ሐኪም በተለይ የወጣት ሴቶችን በሽታ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ታካሚዋም "ንጹሕ ነሽ" ተብላ ከነሕመሟ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ካገኘው በኋላስ? ከላይ ማቃጠል አለ፣ ከሥሩ ቆርጦ ማውጣት አለ። ማቃጠል ፈጣንና ቀለል ያለ ነው። ላይ ላዩን ላለ ቀጭን በሽታ ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች ያን ያህል የሰፋ ልዩነት አላገኙም፤ ስለዚህ የሚያቃጥልን ሐኪም ሁሉ መኮነን ልክ አይሆንም። ወደ ውስጥ ለዘለቀው ግን ማቃጠል ከላይ ጠብሶ ሥሩን መተው ነው። መቁረጥ ሌላም ጥቅም አለው፦ የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ተልኮ በእርግጥ ኢንዶሜትሪዮሲስ መሆኑ ይረጋገጣል፤ የተቃጠለ ነገር አይመረመርም።

ኦቫሪ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። እዚያ የሚፈጠረው ሲስት ሲነካ ቸኮላት የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ይወጣዋል። ፈሳሹን መጥጦ መተው ሲስቱን መልሶ ያመጣዋል፤ ግድግዳውን ልጦ ማውጣት የተሻለ ነው፣ ነገር ግን ከግድግዳው ጋር ጤነኛ የእንቁላል ክምችትም አብሮ ይላጣል። ስለዚህ ልጅ የምትፈልግ ሴት፣ በተለይ ሁለቱም ኦቫሪዎቿ የተያዙባት ወይም ከዚህ ቀደም የተሠራች ከሆነ፣ ከመግባቷ በፊት የእንቁላል ክምችቷ በኤኤምኤች የደም ምርመራ ቢታይላት ጥሩ ነው። አንጀት ከተያዘ ደግሞ ከመፋቅ ጀምሮ የተያዘውን ክፍል ቆርጦ እስከመቀጠል ይደርሳል። ስፌቱ ሊያፈስ ስለሚችል አንዳንዷ ለጊዜው ሰገራ መቀበያ ከረጢት ይዛ ትወጣለች። ይህን አስቀድሞ ያልነገራት ሐኪም በድሏታል።

"ማህፀኑ ይውጣና እንገላገል" የሚለው ሐሳብም አለ። ኮሜዲያኗ ኤሚ ሹመር እ.ኤ.አ. በ2021 ማህፀኗን ካስወጣች በኋላ ራሷ እንደተናገረችው፣ ሐኪሟ 30 ቦታ ላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ አግኝቶ አውጥቷል፤ ትርፍ አንጀቷም ተይዞ ስለነበር ተወግዷል። ማህፀኑ ብቻ ወጥቶ ቢሆን እነዚያ ሁሉ እዚያው ይቀሩ ነበር። ልጅ ለማትፈልግና ሌላው ሁሉ ላልሠራላት ሴት ማህፀን ማስወጣት ምክንያት ያለው ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ የበሽታው ፈውስ ነው ብሎ ማቅረብ ግን ስሕተት ነው።

እንግዲህ ማን ይሥራው? እንግሊዞች መልሱን በቁጥር አስቀምጠውታል፦ የከባድ ኢንዶሜትሪዮሲስ ማዕከል ተብሎ እውቅና ለማግኘት ከማህፀን ጀርባ ወደ አንጀት የዘለቀ በሽታ በዓመት ቢያንስ 12 ጊዜ መሥራት ያስፈልጋል። የማዕከላቱ ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ለንደን ያለች አበሻ ለቤተሰብ ሐኪሟ የማዕከሉን ስም ጠቅሳ ወደዚያ እንዲልካት መጠየቅ ትችላለች። ዴንማርክ ደግሞ ከባዶቹን ሁለት ቦታ ብቻ፣ ኮፐንሃገንና ኦርሁስ፣ ሰብስባለች። ሁለቱም አገሮች የተነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚሠራው እጅ ይህን ሥራ አይችለውም።

አገራችን እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም፤ ላፓራስኮፒም በየሆስፒታሉ አይገኝም። መጠየቅ ግን ይቻላል። "ዶክተር፣ ባለፈው ዓመት ስንት የኢንዶሜትሪዮሲስ ታካሚ ሠሩ? ቆርጠው ነው የሚያወጡት ወይስ ያቃጥላሉ? አንጀት ላይ ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ? የአንጀት ቀዶ ሐኪም አብሮዎት ይገባል?" ለዚህ የሚቆጣ ሐኪም በቁጣው መልስ ሰጥቷል። "ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ወደ እገሌ ልላክሽ" የሚል ደግሞ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በሽታውን ጀምሮ ከመተው አለመጀመር ይሻላል፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ቀዶ ጥገና የመጀመሪያው በተወው ጠባሳ መሀል መንገድ መፈለግ ነው።

ከዚህ ሁሉ ቀለል ያለ አንድ ዓይነት ደግሞ በቀዶ ጥገና በወለዱ ሴቶች ላይ ይታያል። ጠባሳው አጠገብ አንድ ጠጣር እብጠት ይወጣል፤ የወር አበባ ሲመጣ ይጠዘጥዛል፣ ሲሄድ ይበርዳል። ብዙ ጊዜ ሄርኒያ ወይም የክር ቁስል ተብሎ ይታለፋል። ወሩን ጠብቆ መምጣቱን ለሐኪሙ መንገር ግማሽ ምርመራ ነው። እብጠቱ ዙሪያውን ካለው ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር ተቆርጦ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው ወረቀት ነው፦ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደወጣና ምን እንደተተወ የሚገልጸው የቀዶ ጥገና ማስታወሻ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱ፣ ካለም ፎቶው ወይም ቪዲዮው በፍላሽ ተቀድቶ ከታካሚዋ እጅ መግባት አለበት፤ ቀጣዩ ሐኪም ከዚያ ይነሣል። ሁለተኛው ሆርሞን ነው። በሽታው ከ5 ዓመት በኋላ ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚመለስ ስለሚገመት፣ ቶሎ ማርገዝ የማትፈልግ ሴት ሆርሞን ያለውን ሉፕ ወይም እንክብሉን ቢያንስ ከ18 እስከ 24 ወር እንድትጠቀም የአውሮፓው መመሪያ ይመክራል።