የዶሮ ቤት ወለል አመራረጥ

ዶሮ ለማርባት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ጫጩቶቹ ዝርያ፣ ስለ መኖውና ስለ ቤቱ ጣሪያ ነው። ወለሉን የሚያስታውሰው ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ዶሮ ቀኑን ሙሉ የምትጭረው፣ የምትለቅመውና ኩሷን የምትጥለው በወለሉ ላይ ስለሆነ፣ ጤንነቷ በእጅጉ የተመሠረተው ከእግሯ ሥር ባለው ነገር ላይ ነው።

ሀ. ወለልና ጤንነት

ከዶሮ ኩስ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። ይህ እርጥበት መውጫ አጥቶ በወለሉ ላይ ሲከማች ሁለት ዐይነት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው ኩሱ ሲበሰብስ የሚወጣው አሞኒያ የተባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ዓይንን ያቃጥላል፤ የመተንፈሻ አካልንም ያውካል። ለጥቂት ደቂቃ ወደ ዶሮ ቤት የገባን ሰው ዓይኑን የሚቆጠቁጠው ከሆነ፣ በዚያ ሌት ተቀን የሚኖሩት ዶሮዎች ምን ያህል እንደሚጎዱ መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉዳት ኮክሲዲዮሲስ የተባለው በሽታ ነው። የበሽታው ጥቃቅን ተውሳኮች በዶሮዋ አንጀት ውስጥ ከተራቡ በኋላ፣ ዘር መሰል ሕዋሶቻቸው ከኩሷ ጋር ይወጣሉ። ሕዋሶቹ እንደወጡ ወዲያውኑ በሽታ አያስተላልፉም። ለመብሰል ሙቀት፣ አየርና እርጥበት ያስፈልጋቸዋል። እነዚህ ከተሟሉላቸው ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ዶሮ ለመልከፍ ይደርሳሉ። ጫጩቶች ወለሉን እየጫሩ ሲለቅሙ ተውሳኩን አብረው ይውጡታል። ከዚያም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ ክንፋቸውን ይጥላሉ፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። በቢሾፍቱ የሚዘጋጀው የፈንግል ክትባት ከፈንግል እንጂ ከዚህ በሽታ አያድንም። የተለመዱት ፀረ ተባይ መድኃኒቶችም ሕዋሶቹን በቀላሉ አይገድሏቸውም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ኩሱን ቶሎ ማንሳትና ወለሉን ደረቅ ማድረግ ነው።

ከዚህ በመነሣት ጥሩ ወለል የሚባለው እርጥበት የማያሳልፍ፣ ስንጥቅ የሌለው፣ አካፋና ውሃ የሚችል፣ አይጥና ሸለመጥማጥም ቆፍረው የማይገቡበት ነው ለማለት ይቻላል።

ለ. የወለል ዐይነቶች

የአፈር ወለል፦ በገጠር የተለመደውና ወጪ የማይጠይቀው ይህ ነው። ነገር ግን አፈር እርጥበትን ስለሚመጥ አይታጠብም፤ አይጥም በቀላሉ ይቦረቡረዋል። ሌላ አማራጭ የሌለው አርቢ ወለሉን ከውጭው መሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ከሥር ድንጋይ ደልድሎ፣ ከላይ የሸክላ አፈር አልብሶ በሚገባ ቢጠቀጥቀው ጉዳቱ ይቀንሳል። መንጋው በወጣ ቁጥርም የላይኛውን አፈር ፍቆ በንጹሕ አፈር መተካት ይኖርበታል።

የጣውላ ወለል፦ ጣውላ እንደ ሲሚንቶ አይቀዘቅዝም። ሆኖም ኩስ በጣውላዎቹ መጋጠሚያ ይገባል፤ ደም መጣጭ ተባዮችም ቀን በስንጥቁ ተሸሽገው ሌሊት ዶሮዎቹን ያጠቃሉ። በተደጋጋሚ ሲታጠብ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል።

ከመሬት ከፍ ያለ ፍርግርግ ወለል፦ ይህ በእግር ላይ የቆመ፣ ከሽቦ ወንፊት ወይም ተራርቀው ከተመቱ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ዘንጎች የሚሠራ ነው። ኩሱ በቀዳዳው ወደ ታች ስለሚወርድ ዶሮዋ ከኩሷ ትለያለች። ስለዚህ ለጥቂት ዶሮዎች ማደሪያ እጅግ ተስማሚ ነው። ይሁን እንጂ ሻካራ ሽቦ እግራቸውን ያቆስላል፤ በደጋ አገርም ከሥር የሚገባው ነፋስ ይጎዳቸዋል። ከሥር የሚከማቸው ኩስ ካልተነሣ ደግሞ ዝንብ ይራባበታል።

የሲሚንቶ ወለል፦ በመጀመሪያ ወጪ ከአፈር ወለል የበለጠ ቢጠይቅም፣ በአካፋ ለመፋቅና በውሃ ለማጠብ እንዲሁም አይጥን ለመከላከል የሚተካከለው የለም። ለ50 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ቢያንስ 10 ካሬ ሜትር ወለል ያስፈልጋል። ለዚህም አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና አራት እጅ ጠጠር ተቀላቅሎ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው መጠን በተደለደለ ድንጋይ ላይ ይፈስሳል። ለሥራው ባለ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ ከሦስት እስከ አራት ይበቃል። ወለሉ ወደ በሩ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ አለበት፤ አለዚያ የታጠበበት ውሃ ይቋጥራል። ሊሾው እንዳይሰነጠቅም ለሰባት ቀን ያህል ውሃ እያጠጡ ማቆየት ይገባል።

ሐ. ጉዝጓዝና ጽዳት

ሲሚንቶ ቀዝቃዛና ጠንካራ ስለሆነ ባዶውን አይተውም። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጭድ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የቡና ገለፈት ይጎዘጎዝበታል። የጉዝጓዙን ሁኔታ ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጦ መልቀቅ ይበቃል። እንደ ጭቃ ተድበልብሎ ከቀረ እርጥበቱ በዝቷል፤ ከተበታተነ ደህና ነው። በውሃ መጠጫው ዙሪያ የረጠበውን በየዕለቱ ማንሳት፣ የቀረውንም በየጊዜው መገልበጥ ያስፈልጋል።

መንጋው ሲወጣ አስቀድሞ ጉዝጓዙ በሙሉ ይወጣል፤ ቀጥሎ ወለሉ ይፋቃል፤ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ከዚያም ፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጫል፤ በመጨረሻም በደንብ እንዲደርቅ ይተዋል። ይህ ቅደም ተከተል መዛባት የለበትም፤ ኩስ በተጋገረበት ወለል ላይ የሚረጭ መድኃኒት ኃይሉን ያጣልና። የወጣው ጉዝጓዝ ጉድጓድ ውስጥ ከበሰበሰ በኋላ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

በጠቅላላው፣ ብዙ ዶሮ ለማርባት የተነሣ ሰው ከሌላው ወጪ ቀንሶም ቢሆን ሲሚንቶ ቢያስገባ ይጠቀማል። አምስት ወይም ስድስት ዶሮ ላለው ፍርግርግ ወለል ይበቃዋል። አቅም የሌለው አርቢም የአፈሩን ወለል ከፍ አድርጎ በደረቅነት ቢይዘው መንጋውን ከብዙ ጉዳት ያድናል። አንድ ቤተሰብ በብድር የገዛቸው ጫጩቶች በሳምንት ውስጥ ካለቁ በኋላ ወለሉን ማደስ የሞቱትን አይመልስም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ለወለሉ መታሰብ ያለበት ጫጩቶቹ ከመግባታቸው በፊት ነው።

መልመጃ

ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

1. ኩስን በየዕለቱ ማንሳት የኮክሲዲዮሲስን መተላለፍ የሚገታው ለምንድን ነው?
2. የአፈር ወለልና የፍርግርግ ወለል ጥቅምና ጉዳት አነጻጽሩ።
3. ኩስ ሳይፋቅ መድኃኒት ቢረጭ ምን ይሆናል?
4. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ የዶሮ ቤት ተመልክታችሁ፣ ወለሉ እንዴት ሊሻሻል እንደሚችል በአንድ አንቀጽ ጻፉ።