የድምፅን ጥራት የሚገልጹ ቃላት፦ ከቃል ፍች ወደ ጽንሰ ሐሳብ

ድምፅ በዓይን አይታይም፤ በእጅም አይዳሰስም። በመሆኑም ጠባዩን ለመግለጽ ስንሻ ቃል የምንዋሰው ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ነው። «ለስላሳ»ና «ሻካራ» ከመዳሰስ፣ «ጣፋጭ» ከመቅመስ፣ «ቀጭን»ና «ወፍራም» ከማየት የመጡ ናቸው። ውሰቱ በየቋንቋው ቢኖርም አወሳሰዱ ግን ይለያያል። ችግር የሚነሣውም የአንዱን ቋንቋ ውሰት በሌላው ቃል በቃል ስንመልስ ነው። ለዚህም የሃይ ፋይ ቃላት ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል።

ሃይ ፋይ ስሙን ያገኘው «ከፍተኛ ታማኝነት» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ሲሆን፣ ታማኝነቱ ለመጀመሪያው ድምፅ ነው። ጄ. ጎርደን ሆልት በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ «ስቴሪዮፋይል» የተባለውን መጽሔት መሠረተ፤ መሣሪያን በመለኪያ ብቻ ሳይሆን በጆሮም እየመዘኑ በቃል የመግለጽ ልማድ የተስፋፋው በእንዲህ ያሉ መጽሔቶች ነው። የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ንዝረት ይሰማል። ከቃላቱም ብዙዎቹ የሚያመለክቱት ከዚህ ስፋት ውስጥ የትኛው ክፍል እንደ ጎላ ወይም እንደ ጎደለ ነው።

በእንግሊዝኛው «ቀጭን» የሚባለው ድምፅ ዝቅተኛ ንዝረቱ የጎደለበት ነው። በአማርኛ ግን «ቀጭን ድምፅ» ስንል የሕፃን ድምፅ ዓይነቱን፣ በተፈጥሮው ከፍተኛ ንዝረት ያለውን ማለታችን ነው፤ ጉድለትን አያመለክትም። እንደዚሁም እንግሊዝኛው «ሞቃት» የሚለው፣ ከመካከለኛው በታች ያለው ንዝረት በመጠኑ ጎልቶ ድምፁን ሲያለሰልሰው ነው። በእኛ ዘንድ «ሞቅ ያለ» ጨዋታው፣ ጭብጨባው ወይም ግብዣው ነው።

በአንጻሩ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበት ስፍራም አለ። ውሃ ይጠራል፤ ይደፈርሳልም። ድምፅንም በዚሁ መንገድ «የጠራ»ና «የደፈረሰ» ብንለው ፍቹ አይዛነፍም።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ጉዳይ አለ። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ በየአውታሩና በማረፊያው መካከልም እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። የንብ ድምፅ የሚመስለው የበገና ንዝረት የሚገኘው ከእነዚሁ ነው። ይህን ንዝረት የሃይ ፋይ ቃላትን ብቻ የተማረ ሰው የመሣሪያ መዛባት ሊለው ይችላል። ታማኝ የሚባለው መሣሪያ ግን ንዝረቱን ሳይቀንስ የሚያሰማው ነው። እንግዲህ የምንጩን ጠባይ የሚገልጸው ቃልና የመሣሪያውን እንከን የሚገልጸው ቃል ካልተለዩ፣ የራሳችንን ድምፅ በስሕተት እንነቅፋለን።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን፦

የጠራ፦ እያንዳንዱ ድምፅ ሳይደበላለቅ ተለይቶ የሚሰማበት።
የደፈረሰ፦ ድምፆቹ ተደበላልቀው የማይለዩበት።
ሰላላ፦ ዝቅተኛ ንዝረቱ በመሣሪያው ምክንያት የጎደለ።
ወዝ ያለው፦ ከመካከለኛው በታች ያለው ንዝረት በመጠኑ ጎልቶ የለሰለሰ።
የተዛባ፦ በምንጩ ያልነበረ፣ በመሣሪያው የተጨመረ ወይም የተለወጠ።

እንዚህ ፍቾች የሚጸኑት ግን ድምፅ የሚቀዱት፣ የሚያርሙትና የሚያዳምጡት ሰዎች በሥራቸው ሲገለገሉባቸው ነው።