ነርስና አስታማሚ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና አገር፣ ሰው በጠና ሲታመም የቅሬው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መካነ ሰላም ያደርሱታል። ተሸካሚዎቹ ሲመለሱ አንድ ዘመድ ከበሽተኛው ራስጌ ሳይለይ ይቀራል፤ እርሱም አስታማሚ ይባላል። ነጭ ልብስ ለብሶ መርፌ የሚወጋውን ግን ባላገሩ ወንድ ቢሆን ዶክተር፣ ሴት ብትሆን ሲስተር ብሎ ይጠራል። ነርስ የሚለው ስም በመዝገብ ላይ ይጻፋል እንጂ ለመጥሪያ እምብዛም አያገለግልም።

ነርስ ከእንግሊዝ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ሲሆን ሥሩ በላቲን ማጥባትና መመገብ ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር አስቀድሞ የሞግዚት ስም ነበረ፤ ለበሽተኛ ጠባቂ የተሰጠው ኋላ ነው። የአማርኛው ቃል ግን ከራሱ ከሕመም ይወጣል፤ ታመመ ካለው አስታመመ ይላል። በግእዝ ሐኪም ዐቃቤ ሥራይ መባሉን፣ ትርጓሜውም መድኃኒት ጠባቂ መሆኑን ካህናት ያውቁታል፤ አስታማሚ የሚጠብቀው ግን ድውዩን ነው። እንግዲህ ነርስን በአገር ቃል አስታማሚ ማለት ያልተለመደው ቃል ጠፍቶ ሳይሆን ስፍራው በዘመድ ስለ ተያዘ ነው።

ማስታመም ያለ ትምህርት የሚሠራ የቤት ሥራ ሆኖ ሲቆጠር ሳለ፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1931 ዓ.ም. ነርስ ሆኑ። በ1934 ዓ.ም. በወለጋ በወጣትነታቸው ቢያርፉም፣ ሥራው ፈተና ያለው ሙያ መሆኑን የንጉሥ ልጅ አሳይተዋል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅም ለገጠሩ ነርሶችን ያሠለጥን ጀመር።

የስሙ መደባለቅ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም። በጤና ጣቢያ መርምሮ መድኃኒት የሚያዘው ብዙ ጊዜ ነርስ ነው። በሽተኛው ዶክተር ያየው መስሎት፣ ወደ ደሴ ሆስፒታል ሂድ ሲባል፣ ሐኪም አይቶኝ የለም ወይ ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ያከመው ሰው ሙያውን ነግሮት፣ ለምን እንደሚላክ ቢያስረዳው የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው። የጽሕፈት ቤት ሰዎችም በማስታወቂያ አስታማሚ ብለው ሲጽፉ ዘመዱን እንጂ ሠራተኛውን እንዳልሆነ ለይተው ቢያመለክቱ ይገባል።

ከዓባይ በረሃ ዘመድ ሳያስከትል ብቻውን የመጣ በሽተኛ ሲገኝ ግን የሚያጎርሰውም የሚያገላብጠውም ከነርሷ በቀር የለም። ድኖ ወደ አገሩ ሲገባ፣ ሲስተር እገሊት አስታመመችኝ ብሎ ይናገራል።